የሀምዲያ እጅ

ካዛንቺስ ላይ ሴት ፀጉሯን የምትሰጠው ለቤት አይደለም፤ ለእጅ ነው። መስታወቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ቢደርስ፣ ወንበሩ ከውጭ ቢመጣ፣ በሩ ላይ የተለጠፈችው ፈረንጅ ምንም ብታምር ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «የማን እጅ ነው ለፀጉር የሚሆነው?» አንዷ ስትነካው ይረዝማል፣ ሌላዋ ስትነካው ይረግፋል ይባላል። የተማረችውም ያልተማረችውም፣ የምታስቀድሰውም የምትሰግደውም ይህን ታምናለች። ሳይንስ አይደለም የሚል ካለ ይበል። በወይዘሮ መድኃኒት ፀጉር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለፀጉር ይሆናል ሲባል የኖረው የሀምዲያ እጅ ነበር።

ስለዚህም አንደኛዋ ወንበር የእሷ ነበረች። በሩ አጠገብ ያለችው፣ ብርሃን የሚያርፍባት፣ ደንበኛ ገና ስትገባ ዓይኗ የሚያርፍባት ወንበር። ሌሎቹ ሁለት ወንበሮች ላይ ስንት ልጅ መጣ፣ ስንት ልጅ ሄደ። ሀምዲያ ግን አትነቃነቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አጠር ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ የምታስር፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የተሳለ ሴት ናት። ደንበኛ ቤቷ ውስጥ ያገኘችውን ቅባት ሁሉ ለቅልቃ ፀጉሯን አበላሽታ ስትመጣ «ማነው ጠላትሽ? ንገሪኝና አብረን እንክሰሰው» ትላታለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ በሳምንቱም ተመልሰው ይመጣሉ።

ሰፈሩ ሲፈርስ የተወለደችበት የቀበሌ ቤትም አብሮ ፈረሰ። ፀጉር ቤቱ ያለበት ፎቅ ግን የዋናው መንገድ ዳር ላይ ስለነበር ተረፈ። እሷ ከባሏና ከስምንት ዓመት ልጇ ከሂክመት ጋር ከተማው ዳር ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በጨለማ ተነስታ፣ ሜክሲኮ ላይ ተሰልፋ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው ካዛንቺስ የምትደርሰው። ደንበኞቿም በየአቅጣጫው ተበትነው ነበር፤ ግን ከያሉበት ይመጡ ነበር። እጅ ፍለጋ ነው የሚመጡት።

ሕመሙ ወደዚያ ቤት የገባው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በባልዲ ነው። ወይዘሮ መድኃኒት ከአንድ ነጋዴ ተቀብላ ያመጣችው ነጭ ባልዲ ነበር፤ ጽሑፉ ተልጦ ወጥቷል። (ወይዘሮ የምላት ደንበኞቿ ስለሚሏት ነው። አንቱ ማለት ግን ከእኔ አይጠበቅ፤ ምክንያቱን ወደፊት ታዩታላችሁ።) ባልዲው ውስጥ ያለው ማለስለሻ ነው፤ «ፕሮቲን» ይሉታል። ፀጉር ላይ ይቀባና ፔስትራ በሚሉት የጋለ ብረት ጥብቅ ተደርጎ ይተኮሳል። ያን ጊዜ የሚወጣው ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ደንበኛዋ አፍንጫዋን በሶፍት ይዛ ለሁለት ሰዓት ትታገሰዋለች፤ ከዚያ ፀጉሯን እያወዛወዘች ወደ ንጹሕ አየር ትወጣለች። ሀምዲያ ግን እዚያው ናት። በር ይከፈት እንዳይባል ከውጭ የመንገድ ሥራው አቧራ ይገባል፤ አቧራ ደግሞ ወይዘሮ መድኃኒት አትወድም።

መጀመሪያ በጣቶቿ መሃል ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ወጡ። ያሳክካሉ። ሌሊት እያከከች ታድራለች። ከዚያ ቆዳው ተሰነጠቀ፤ ሎሚ የነካባት ቀን ትጮኻለች። ቀጥሎ የመጣው ግን የባሰ ነበር፤ ማሳከኩ ተወ፣ ማመሙም ተወ። የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ጫፍ ነገር መለየት አቆመ። አንድ እሑድ ሂክመትን ጭኗ መሃል አስቀምጣ ሹሩባ ልትሠራት ፀጉሯን ስትከፍል፣ ጣቷ ሦስቱን ዘለላ ከሁለቱ መለየት አቃተው። ልጅቷም «እማ፣ እጅሽ ይቧጭረኛል፤ ሌላ ሰው ይሥራኝ» አለቻት። የስንቷን ፀጉር አሳደገ የተባለ እጅ! ሀምዲያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጇን በመብራት እያገላበጠ ካየ በኋላ «ችፌ ነው፤ ከምትነኪው ኬሚካል የመጣ» አላት። «ሦስት ወር ይህን ነገር እንዳትነኪ፤ ጭሱም አጠገብ እንዳትሆኚ። ከቀጠልሽ ጣትሽ እንዲህ እንደደነዘዘ ሊቀር ይችላል። ሥራሽ ደግሞ በጣት ነው።» ወረቀት ጽፎ ማኅተም መታበት። ሀምዲያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አራት ቀን ይዛው ዞረች። በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ መድኃኒት ብቻዋን ሆና ስታገኛት ዘረጋችላት።

«እትዬ መድኃኒት፣ ፕሮቲኑን ሌሎቹ ይሥሩት። እኔ ሹሩባና ስፌት ብቻ ልሥራ። ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ እንደ ድሮዬ እሆንልዎታለሁ።»

ወይዘሮ መድኃኒት ወረቀቱን አላነበበችውም። በአንድ ጣቷ ወደ ሀምዲያ መልሳ ገፋችው።

«በጥር?»

«ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ሐኪሙ ጥር የሠርግ ወር መሆኑን አያውቅም? ሙሽሮቹ ያንቺን እጅ ብለው ነው እኮ ቀን የያዙት። እኔስ አላምምም? ስኳሬ ስንት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ተኝቼ አይተሽኛል?»

«እንግዲያው ጓንት ላድርግ።»

«ጓንት!» አለች ወይዘሮ መድኃኒት፤ የተሰደበች መሰላት። «ሰው በጓንት ስትነኪው ተጸይፈሽው ይመስለዋል። ወይም ደግሞ አንቺ ላይ በሽታ ያለ ይመስለዋል። ጓንት እዚህ ቤት አይገባም። እጅሽን ከጠየቁሽ፣ ትኩስ ዘይት ፈሶብኝ ነው በዪ። በቃ። ዘይት በማንም ላይ ይፈሳል።»

እንግዲህ ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ ያቺ ምላሰኛ ለምን ዝም አለች? ለምን ወረቀቱን ፊቷ ላይ ወርውራላት አልሄደችም? እንጀራ ነው ብትሉ ልክ ናችሁ፤ የምትሠራው በፐርሰንት ነው፣ ያልሠራችበት ቀን ባዶ ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር። ሀምዲያ ያቺን ወንበር እንዴት እንዳገኘቻት ታውቃለች።

ከእሷ በፊት ወንበሯ ላይ የነበረችው ሸዋአየሁ የምትባል ሴት ናት። እትዬ ሸዋዬ ይሏታል። ሀምዲያን ሚዶ አያያዝ ካለማወቅ አንስታ ሥራ ያስተማረቻት እሷ ናት። ፔስትራ እንዴት እንደሚፈተን ያሳየቻትም እሷ ናት፤ ሌባ ጣትን በምራቅ አርሶ ብረቱን ነካ አድርጎ መመለስ ነው። «ቁጥሩን አትመኚ፤ ቁጥር ይዋሻል። ጣትሽ ግን አይዋሽሽም» ትላት ነበር። ከዚያ እትዬ ሸዋዬ ማሳል ጀመረች። ስፕሬዩ ነው፣ አቧራው ነው፣ ማንም አላወቀም። ሀምዲያ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወንበሯን ትፈልጋታለች። የደንበኛ ፀጉር ስታጥብ ጎንበስ ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ ሸዋዬን እኮ አሟታል። አላህ ያሽራት፤ ምን እንደሆነ አይታወቅም» ትላለች።

ይኸው ነው። ሐሜት አይደለም፣ ውሸትም የለበትም፤ ጸሎት ነው። አበው ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ደንበኛዋ ጭንቅላቷ ውሃ ውስጥ እንዳለ ታስባለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት «ዛሬስ ሀምዲያ ትሥራኝ» ትላለች። በሁለት ወር ውስጥ የእትዬ ሸዋዬ ወንበር ባዶ ሆነ፤ ወይዘሮ መድኃኒትም ሸኘቻት። ሴትዮዋ ሚዶዋን በከረጢት ቋጥራ ወጣች። አምና ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኙ። ቄራ አካባቢ ቅመም እንደምትሸጥ ነገረቻት። ስማት ስታበቃ የሀምዲያን እጅ ይዛ መዳፉን ገለበጠችና «እጅሽ ደህና ነው?» አለቻት። ሀምዲያ «ደህና ነው» ብላ እጇን ቀማቻት፤ ተራዋ ሳይደርስም ሰልፉን ጥላ ሄደች።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ሰፋሪዋም መጣች። ሉሊ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፈጣን፣ ቆንጆ፣ የሠራችውን ፀጉር ሁሉ በስልኳ እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ የምትለጥፍ ልጅ። ከመጣች ስምንት ወር አይሞላትም፤ ግን ዓይኗ አንደኛዋ ወንበር ላይ መሆኑን ሀምዲያ በመጀመሪያው ቀን ነው ያየችው። የራሷን ዓይን ሰው ፊት ላይ ብታገኘው እንዴት ትስተዋለች? ገና ከጅምሩ ጠላቻት። ሚዶ አታውሳትም፣ ምሳ ስትበላ ጀርባዋን ትሰጣታለች፣ ልጅቷ ስትሳሳት ሰው ፊት ታርማታለች። ሉሊም መልስ አልቸገራትም፤ «እሺ ሀምዲዬ፣ እንደው አንቺ ሳትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ትላለች እየሳቀች።

ጥር በገባ በሳምንቱ፣ ሀምዲያ ሹሩባ እየሠራች፣ ከመታጠቢያው በኩል የሉሊን ድምጽ ሰማች። ዝቅ ያለ፣ የሚያሳዝን ድምጽ ነው።

«ሀምዲዬን እኮ እጇን አሟታል። እግዜር ይማራት፤ ምን እንደሆነ አይታወቅም።»

የሀምዲያ እጅ ፀጉሩ ላይ ቀጥ አለ። ቃሉ አንድም አልተለወጠም፤ «አላህ ያሽራት» በ«እግዜር ይማራት» ከመተካቱ በቀር። ልታንቃት ደረሰች። ግን ምን ትበላት? ዋሸሽ አይባልም፤ አልዋሸችም። ለምን ጸለይሽልኝ አይባልም። አንገቷን ደፍታ ሹሩባዋን ቀጠለች፤ በዚያው ሳምንት ሦስት ደንበኞች ወደ ሁለተኛው ወንበር ሄዱባት።

ሙሽሮች የሚበዙበት ቅዳሜ ደረሰ። ከንጋት ጀምሮ ቤቱ ሞልቷል። ሦስት ሴቶች ካስክ ሥር ገብተው ማድረቂያው ይጮኽባቸዋል፣ ሁለቱ ፕሮቲን ተቀብተው ላስቲክ ደፍተው ይጠብቃሉ፣ ዘፈኑም ተከፍቷል። ሀኒ ገባች። ሀኒ ደምበል አካባቢ ቢሮ የምትሠራ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሀምዲያ እጅ ሌላ እጅ ያልነካት ሴት ናት። እህቷ ልታገባ እሷ ሚዜ ናት፤ መኪናው በአራት ሰዓት ይመጣል። እየሮጠች አንደኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሀምዲዬ፣ በእናትሽ፣ ቶሎ በይልኝ።»

ፔስትራውን ሉሊ ቅድም ስትሠራበት ነበር። ሀምዲያ አነሳችው። እንደ ልማዷ ሌባ ጣቷን በምራቅ አርሳ ብረቱን ነካችው። ምንም አልተሰማትም። «ቸስ» የሚል ድምጽ ነበረው፤ ግን ካስኩ እየጮኸ ማን ይሰማዋል? ቀዝቅዟል ብላ ቁጥሩን ጨመረች። ጠብቃ እንደገና ነካችው፤ አሁንም ምንም። ጨመረች። ሰዓቱ ይሮጣል፣ ሀኒ ስልኳን ታያለች። ጣት አይዋሽም ተብላ ነው ያደገችው፤ ጣቷ እየዋሻት መሆኑ በሐሳቧም አልመጣም። ከጆሮ በላይ ያለውን ዘለላ ይዛ ብረቱን ከደነችበት።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቀጥሎ የሀኒ ጩኸት። ፀጉሩ ከነሥሩ ብረቱ ውስጥ ቀረ፤ የጆሮዋ ጫፍም ቀልቶ ቆዳው ተነስቷል።

ወይዘሮ መድኃኒት ከጠረጴዛዋ ዘላ መጣች። ፔስትራውን ነጥቃ ቁጥሩን አየች፤ መጨረሻው ላይ ነው። ሀምዲያን አየቻት፣ ደንበኞቹን አየች፣ በዓይኗ ሒሳብ ስትሠራ ይታያል። አንደኛዋን ወንበር ከምታጣ የቱን ብትጥል ይሻላታል? ጊዜም አልፈጀባት።

«ሉሊ! ቅድም ስትሠሪበት የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? አንቺ ነሽ አግለሽ የተውሽው! አይደል ሀምዲያ?»

ከሀምዲያ የሚጠበቀው አንገት መነቅነቅ ብቻ ነበር። እውነቱን እንናገር፤ ደስ ይላት ነበር። ያቺ በጸሎት የምትገድላት ልጅ ሽርጧን አውልቃ እያለቀሰች ስትወጣ ማየት በዚያ ወር የተመኘችው ነገር ሁሉ ነበር። ወንበሯም ትተርፋለች። አንገቷ ሊነቃነቅ ተነስቷል።

«ማርያምን! እኔ አልጨመርኩትም! ይኸው ማርያምን!» ሉሊ ለመማል ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች። እስከ ጣቶቿ የምትስበው የሹራቧ እጅጌ ወደ ክንዷ ተንሸራተተ። በጣቶቿ መሃል ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ወጥተዋል። በሌባ ጣትና በመካከለኛው መሃል ደግሞ ታክኮ ቆስሏል። የሀምዲያም የጀመራት እዚያው ቦታ ላይ ነበር።

ሉሊ ሀምዲያ የት እያየች እንደሆነ ገባትና እጇን ፈጥና አወረደች። ፊቷ አመድ ሆነ።

ሀምዲያ የዚያን ጊዜ ልጅቷን አልወደደቻትም። ማንም እንዲህ ብሎ እንዳያወራ። እንዲያውም የበለጠ ተናደደችባት፤ እጅሽ እንዲህ ሆኖ ነው ለእኔ እጅ የምትጸልዪው ብላ። ግን አንገቷ አልነቃነቅ አላት።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች። ዘፈኑን ሰው አጥፍቶት ስለነበር ሁሉም ሰማ። «ጣቴ አይሰማኝም። ጋለ ቀዘቀዘ አላውቅም። ዘይት ፈሶብኝ ነው ስላችሁ የነበረው ውሸት ነው። ያ ባልዲ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ሐኪም ጽፎልኛል፤ እትዬ መድኃኒትም ያውቃሉ።»

ላስቲክ ከደፉት ሁለት ሴቶች አንዷ ቀስ ብላ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች።

«ያ ባልዲ ማለት... እኔ ላይ ያለው?»

«አንቺ ላይ ያለው።»

«ወይኔ! እጠቡኝ! አሁኑኑ እጠቡኝ!»

ሁለተኛዋም ተነስታ ጮኸች። ካስክ ሥር ያሉት ምን እንደሆነ ሳይሰሙ ብድግ ብድግ አሉ። ወይዘሮ መድኃኒት መሃል ላይ ቆማ «አብዳለች! አትስሟት፣ ሰይጣን ነው!» ትላለች፤ ዞራ ደግሞ «ሉሊ፣ ምን ገትሮሻል፣ እጠቢያቸው!» ትላለች። ሉሊ ያን ፕሮቲን በባዶ እጇ ከሁለቱም ራስ ላይ አጠበች።

ሀምዲያ በዚያ ሁሉ ግርግር ሀኒን አልለቀቀቻትም። ጆሮዋን በቀዝቃዛ ውሃ አራሰችላት፤ ቅባት ቀባቻት። ከዚያ ጣቷን ትታ በዓይኗ ብቻ እያየች፣ ከማዶው ፀጉር ወስዳ፣ በጎን አሳልፋ፣ ክፍተቱንም ጆሮውንም ሸፍና በመያዣ አሰረችው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያቺ ፀጉር ከሙሽራዋ ፀጉር የምታንስ አልነበረችም። ሀኒ መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አየች። አልተሳደበችም። ቦርሳዋን አነሳችና እንደ ወትሮው ሳትስማት፣ በሩ ላይ ዞር ብላ «እግዜር ይማርሽ፣ ሀምዲዬ» አለች።

ያን ቃል ከማንም በላይ የምታውቀው ሀምዲያ ናት። ተመልሰው ለሚመጡበት እጅ እንደዚያ አይባልም። ሽርጧን ፈታ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለችው። ወይዘሮ መድኃኒት እስከ ደረጃው ተከትላት «ዳግመኛ እግርሽ እንዳይረግጥ! በልተሽበት ያደግሽበትን ቤት!» እያለች ጮኸች። ሀምዲያ ሜክሲኮ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ለቅሶው የመጣው ታክሲ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ግን ተመለሰች። መቀሷና ሚዶዋ እዚያ ቀርተዋል፤ መቀሷ ደግሞ የእትዬ ሸዋዬ ስጦታ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ካለው ፋርማሲ አንድ ካርቶን ጓንት ገዛች። ለራሷ ከእንግዲህ አያስፈልጋትም። ደረጃውን ወጥታ በሩን ገፋ ስታደርግ የወይዘሮ መድኃኒት ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ ባልዲው ግን እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ ጭሱም እዚያው ነው። አንደኛዋ ወንበር ላይ አዲስ ደንበኛ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ የምትሠራት ሉሊ ናት።

«ሀምዲያ የምትባል እጇ ጥሩ ናት ተብዬ ነበር የመጣሁት» ትላለች ሴትዮዋ።

«አሟት ነው» አለች ሉሊ በዚያ በሚያሳዝን ድምጽ። «እግዜር ይማራት፤ ምን እንደሆነ አይታወቅም።»

«አሚን» አለች ሀምዲያ ከበሩ።

ሉሊ ደንግጣ ዞረች። በመስታወቱ ውስጥ ሦስቱም ተያዩ። ሀምዲያ ምላሷ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ «ያንቺስ እጅ እንዴት ሆነ?» የምትል። እዚያ ደንበኛ ፊት ብትላት ወንበሯ በሳምንት ውስጥ ባዶ እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ሉሊ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስባ ጠበቀቻት። ሀምዲያ መቀሷንና ሚዶዋን ከመሳቢያው አወጣች፤ የጓንቱን ካርቶን መስታወቱ ሥር፣ ሉሊ እጅ አጠገብ አስቀመጠችው። ከእሱ ሥር ደግሞ የሐኪሙን ወረቀት። ከዚያ ወጣች።

በሩ ከኋላዋ አልተዘጋም። ሁለት ደረጃ እንደወረደች ካርቶን መሳቢያ ውስጥ ሲወረወርና መሳቢያው በኃይል ሲዘጋ ሰማች። ቆም አለች። የሴትዮዋ ድምጽ መጣ፤

«ውይ የኔ ቆንጆ፣ ጣትሽ መሃል ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አይደል» አለች ሉሊ። «ዘይት ፈሶብኝ ነው።»